የጭቃ ሹሙ ተራ

«አያታችን አገር ገዝተዋል» የሚል ወግ በብዙ የጎጃም ቤተሰብ ዘንድ ይሰማል። ጠጋ ብለው ሲጠይቁ ሹመቱ ብዙ ጊዜ ጭቃ ሹምነት ሆኖ ይገኛል።

ጭቃ ሹም ግብር ይሰበስባል፤ ከበላይ የመጣውን ትእዛዝ ለአገሬው ያሰማል፤ ትንንሹን ጠብ ያበርዳል። በርስት አገር ግን ይህ ሥልጣን በብዙ ቦታ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሀብት አልነበረም። ከአቅኚው አባት በወረዱት ወገኖች መካከል በየዓመቱ በተራ ይዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደጋ ዳሞት ገብቶ የርስትን ሥርዓት ያጠናው አለን ሆበን ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ጽፏል። እንግዲህ «አገር ገዙ» የተባሉት አያት ተራቸው ደርሶ አንድ ዓመት የተሾሙ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ቤተሰቡ አልዋሸም፤ የአንዱን ዓመት ሹመት ዕድሜ ልክ አደረገው እንጂ።

ወጉ ይህን ያህል የቆየበት ምክንያት አለው። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ መርታት ነበረበት። «በተራችን ተሹመናል» ማለት ደግሞ «ወገንነታችን የታወቀ ነው» ማለት ነው። ለሙግት ሲባል የተጠበቀ ትዝታ ስለሆነ በአንድ ወገን ቃል ብቻ መቀበል አይገባም። የተሟጋቹን ወገን ልጆችም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እነሱ ያመኑት ሹመት በእኔ ሚዛን ከማንኛውም ምስክርነት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ወደ ጽሑፍ ነው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣውን ነጋሪት ጋዜጣ አገላብጦ ጭቃ ሹም መፈለግ ድካም ብቻ ነው፤ ያ የመንግሥት አዋጅ የሚታተምበት ነው። የቤተሰቡ አሮጌ የግብር ደረሰኝና የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ ይሻላሉ። እጅግ የምወደው ግን የቤተ ክርስቲያን ወንጌል ነው። በተለይ በጎንደርና በአካባቢው የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ከግርጌውም ምስክሮቹና ዳኞቹ ከነሹመታቸው ይቆጠራሉ። በሌላ ሰው ሽያጭ ላይ ምስክር የቆመ ሰው ሹመቱ የተጻፈለት እግረ መንገዱን ነው፤ ለዘሩ ክብር ተብሎ አይደለም። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎች ጋር ለንደን ገብተዋል፤ ፍለጋው በአጥቢያው ደብር ላያበቃ ይችላል።

ደብሩ ዘንድ ከመሄድ በፊት የአያትን የክርስትና ስም ማወቅ ግድ ነው። በአገር «ቢተው» የተባሉት ሰው በብራናው ላይ «ወልደ ማርያም» ሆነው ተጽፈው ሊሆን ይችላልና።

ማዕረግና ሥራም ይለያያሉ። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ መጀመሪያ የጦር ሹመቶች ነበሩ፤ በኋላ ግን ምንም ወረዳ ላልገዛ ሰው በክብር ብቻ ተሰጥተዋል። ስለዚህ «ቀኛዝማች ነበሩ» ለሚል ዘመድ የሚቀርበው ጥያቄ ማን ሾማቸው፣ መቼ የሚለው ነው። መልሱ ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ውስጥ ከወደቀ ሽማግሌዎቹን ለየብቻ፣ በእርጋታ ማነጋገር ይበጃል። በእነዚያ ዓመታት አርበኛውም ጣሊያኑም ማዕረግ ይሰጥ ነበር።