የእናቴ ንቅሳትና የብር ቅንጣት

እናቴ በ1966 ዓ.ም. የተነሣችውን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነጋቲቩን አግኝቼ ስካን አደረግሁት። ፊቷ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተወርሶ ስላየሁት፣ ኮምፒዩተሩ ቅንጣቱን እንዲያጠፋልኝ አዘዝሁት። አጠፋው፤ የአንገቷን ንቅሳት ጭምር።

ለካ ቅንጣቱ አቧራ አይደለም። ብርሃን የነካው የብር ጨው፣ ፊልሙ ሲታጠብ ወደ ጥቁር ብር ተለውጦ የቀረ ነው፤ ምስሉ ራሱ ከእርሱ ተሠርቷል።

ማጥራቱም ታሪክ አለው። ዛሬ በኮምፒዩተር «አንሻርፕ ማስክ» የሚባለው ዘዴ የጨለማ ክፍል ልጅ ነው። ከነጋቲቩ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ፖዘቲቭ ግልባጭ ይወጣል፤ ሁለቱ ተደራርበው ሲታተሙ ሰፊው ብርሃንና ጥላ እርስ በርሱ ይሰራረዛል፤ ቀጭኑ መስመር ግን ጎልቶ ይቀራል። (በድብዛዜ ማጥራት! ስሙ ግራ ቢያጋባ አይደንቅም።) በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዴቪድ ማሊን በአውስትራሊያ በዚሁ ዘዴ በጋላክሲዎች ፎቶግራፍ ላይ በብርሃን ተውጦ የነበረን ዝርዝር አወጣ። ቅንጣቱን ለመቀነስም የአንዱን ሰማይ በርካታ ፎቶግራፎች ይደራርብ ነበር፤ ቅንጣት በየፎቶግራፉ ቦታ ይለዋውጣል፤ ኮከብ ግን በቦታው ይጸናል።

እኔ ያለኝ አንድ ነጋቲቭ ብቻ ነው። የማጥፊያውን መጠን ዝቅ አደረግሁ፤ ማጥሪያውንም በጥቂቱ ብቻ ነካሁት፤ እርሱ ቅንጣትንም ያጎላልና። ጉንጯ ሻካራ ሆነ፤ ንቅሳቱ ተመለሰ። እንዲሁ አሳተምሁት።