በሹመት የተጋዙት ራስ

ዕድሜዬን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አንድ ባለሥልጣን አምባሳደር ተብሎ ሲሾም ፊት ለፊት "እንኳን ደስ ያለዎት" እንላለን፤ ዞር ስንል ደግሞ "ምን አድርጎ ይሆን?" እንባባላለን። በዚህ የሚያፍር ሠራተኛ አላየሁም። ሹመትና ቅጣት በአንድ ደብዳቤ ተጽፈው ሊመጡ እንደሚችሉ ሁላችንም እናውቅ ነበርና።

ልማዱ የቆየ ነው። በድሮው ዘመን ዙፋን ያሰጋል የተባለ የነገሥታት ልጅ ወደ አምባ ግሸን ወይም ወደ ወህኒ አምባ ይወጣ ነበር። በኋላም ግዞት ነበረ፤ ልጅ ኢያሱ በፍቼ፣ ከዚያም በጋራ ሙለታ እንደቆዩት። ከነጻነት በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግን መንገዱ ለዘብ አለ። ሐሳቡ ያልተወደደለት ወይም ስሙ የገነነ ሰው በአዋጅ አይሻርም፤ ማዕረጉ ሳይነካ፣ የሹመት ደብዳቤ ይዞ ባሕር ይሻገራል። ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታእዛዝ ከነጻነት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞስኮ ተላኩ። እንደ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ግን ይህን ልማድ ከአገር ወደ አገር እየዞረ የኖረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. ተወለዱ። ሐረር በራስ መኮንን ቤት ከተፈሪ (ከኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ጋር አብረው ያደጉ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ወሎን ገዝተዋል፤ ጎጃምንም ገዝተዋል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የጎጃምን ጦር ይዘው ሽሬ ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር ግንባር ቀደሙ ጦራቸው ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ የጣልያንን ታንኮች ማርኳል፣ ሰባብሯል። በኋላ መርዝ ጋዝ ዘነበባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡ እንደራሴ ሆነው ጎሬ ላይ የቀረውን መንግሥት የያዙት እሳቸው ናቸው። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ጣልያን ተወሰዱ።

ጣልያን ውስጥ የታሰሩት ፖንዛ በምትባል ደሴት ነው። ሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር፣ ራሱ ያሳሰራቸው ራስ እምሩ ይኖሩበት በነበረው ቤት፣ በዚያችው ደሴት አስቀመጡት። ይህን ታሪክ ለወጣት ሠራተኞች ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ተረት አይደለም።

ከእስር ተፈተው ወደ አገራቸው የተመለሱት ሰው ሥራቸው ሌላ ሆነ። በ1946 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ወደነበረው ለጋሲዮናችን፣ ማለትም ከኤምባሲ ዝቅ ወዳለው መሥሪያ ቤታችን፣ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። አብሯቸው ጎጀብ ላይ ተማርኮ ጣልያን የታሰረው ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያ ለጋሲዮን ሠርቷል፤ ኋላ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን የጻፈው ያው ሐዲስ ነው። ለጋሲዮኑ በ1949 እ.ኤ.አ. ኤምባሲ ሲሆን ራስ እምሩ በአሜሪካ የመጀመሪያው አምባሳደራችን ሆኑ።

አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምሻው አንድ ቀን አለ። መስከረም 3 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው፤ እንቁጣጣሽ ገና ሦስተኛ ቀኗ። የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ኮንስቲትዩሽን ሆል በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ያከብራል፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ንግግር ያደርጋሉ። ራስ እምሩ እንደማንኛውም የአገር ወኪል ለዲፕሎማቶች በተከለለው ቦታ ተቀምጠዋል። ሰዎች ቀርበው ከዚያ እንዲነሡ ነገሯቸው። ምክንያቱ የቆዳቸው ቀለም ነበር። አዳራሹ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዝነኛዋን ጥቁር ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰንን አላስዘፍንም ያለው ነው። ራስ እምሩ ሌላ ወንበር ለምነው አልተቀመጡም፤ ተነሥተው ወጡ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይቅርታ ጠየቀ፤ ማኅበሩም ጠየቀ።

ይህን ቀን ደጋግሜ የማነሣው አለምክንያት አይደለም። እኒያ ሰው ሽሬ ላይ ጦር የመሩ፣ የአገር እንደራሴ የነበሩ ናቸው። ሊቆጡ፣ ሊሳደቡ፣ በሰው ፊት ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። የዲፕሎማት ሥራ ግን እልህን ውጦ ነገሩን መንግሥት ለመንግሥት እንዲነጋገርበት ማድረግ ነው፤ ያንን አደረጉ። የመሥሪያ ቤታችን አዲስ ገቢዎች ስለ ግብዣ አለባበስና ስለ ወንበር ቅደም ተከተል ሲማሩ፣ አስቀድሞ ይህ ታሪክ ቢነገራቸው እወድ ነበር።

ከዋሽንግተን በኋላ ኒው ዴልሂ መጣ። ዘመኑ ቪኖባ ባቬ የሚባሉት የጋንዲ ተከታይ በእግራቸው መንደር ለመንደር እየዞሩ፣ ባለመሬቱን "ለሌለው አካፍል" እያሉ የሚለምኑበት ነበር። ራስ እምሩ ግን ይህን ለመስማት ሕንድ መሄድ አላስፈለጋቸውም። አገር ቤት ከያዙት መሬት ላይ ለጭሰኞቻቸው የሰጡ ሰው ናቸው። መሬት ሁሉ ነገር በሆነበት አገር እንዲህ ያለ መኰንን ለጓደኞቹ ምቾት እንደማይሰጥ ግልጽ ነው፤ "ቀዩ ራስ" የሚል ስም ያወጡላቸውም ለዚህ ነው። እንደ እኔ ግምት ረጅሙን የውጭ አገር ኑሯቸውን ያመጣባቸው ይኸው አቋማቸው ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" በሚባልበት አገር፣ እሳቸው በሹመት ላይ ሳሉ ከራሳቸው ይሰጡ ነበር።

ቀጥሎ ሞስኮ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1951 ዓ.ም. ክረምት ሶቪየት ኅብረትን ጎብኝተው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር አግኝተው ነበር፤ የአሰብ ማጣሪያ የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። ሞስኮን የሚያህል አስቸጋሪ ቦታ ለእሳቸው ተሰጠ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ መንግሥቱና ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው በአዋጅ የጠሩት ስም የራስ እምሩ ነበር። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ንጉሠ ነገሥቱ የልጅነት ጓደኛቸውን አልቀጡም። ከዚህ በላይ ለሁለቱም የሚመሰክር ነገር አላውቅም፤ ያን ያህል ተጠራጥረው ያን ያህል የተማመኑ ዘመዳሞች በታሪካችን ብዙ አይደሉም።

ሥራው ወደ ልጆቻቸውም አልፏል። ልጅ ሚካኤል እምሩ አባታቸው በነበሩባቸው በዋሽንግተንም በሞስኮም አምባሳደር ሆኑ፤ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ወይዘሮ ዮዲት እምሩ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር ናቸው። ራስ እምሩ ራሳቸው በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ መሳፍንቱን ያጠፋው ደርግ በክብር ቀበራቸው።

ማስታወሻቸው "ካየሁት ከማስታውሰው" በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ስለወጣ ቢያንስ ድምፃቸው አልጠፋም። አብረዋቸው በዋሽንግተን፣ በዴልሂና በሞስኮ የሠሩ ጸሐፊዎች፣ አስተርጓሚዎችና ሾፌሮች ግን መጽሐፍ አልጻፉም። እናንተ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ በሣጥን ውስጥ የቀረ የለጋሲዮን ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ካላችሁ፣ ሳይበላሽ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወደ ወመዘክር፣ አድርሱት።