ሴንጢዋን ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ወሩ ግንቦት ነው። አሶሳ ገበያ መሐል፣ ከፀሐዩ ለመሸሽ አንዱ መደብ ጥላ ሥር ተጠግቼ አንዲት ሴንጢ አገላብጣለሁ። በዚህ ወቅት አሶሳ ላይ ዞር ባሉበት ሁሉ ማንጎ ነው፤ ማንጎ በጥርሱ ልጦ የበላ ሰው ደግሞ ሴንጢ ለምን እንዳማረኝ ይገባዋል። ሴንጢዋ ቀይ እጀታ አላት። እጀታዋ ላይ ነጭ መስቀል ተለጥፎባታል። በአንድ ጎኗ ጠርሙስ መክፈቻ፣ በሌላው ቆርቆሮ መክፈቻ፣ በመሐል ምን እንደሚሠራ እኔም ሻጩም ያላወቅነው አንድ መንጠቆ አላት።

«ጋሼ፣ ኦርጅናል ስዊስ ናት! ዕድሜ ልክዎን ነው የምታገለግልዎት» አለኝ ሻጩ። ቤተሰቦቹ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ልጅ ነው።

«ስዊስ ከሆነች ታዲያ ዋጋዋ እንዴት የሁለት ምሳ ብቻ ሆነ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ!»

አጠገባችን በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ ቀጥ ባለች ጥቁር ቢላዋ ማንጎ ይልጣሉ። ቀና ብለው ሴንጢዋን አዩና «ልጄ፣ እሷ እኮ ትታጠፋለች» አሉኝ።

«መታጠፏ አይደል ጥሩነቷ አባቴ፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች።»

«የምትታጠፍ ቢላዋ መቼ እንደምትታጠፍ አይታወቅም» አሉና ወደ ማንጎአቸው ተመለሱ።

እኔም ከሴንጢዋ ጋር እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልግዛት ወይስ ልተዋት? ነገሩ የሁለት ምሳ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ በዚያች ቀይ እጀታ ላይ የተለጠፈው መስቀል ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ጉዳዩ ከምሳ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኤልስነር የተባለ ስዊዛዊ ኢባክ በምትባል መንደር የቢላዋ መሥሪያ ከፈተ። የዚያን ጊዜው የኤልስነር አገር ዛሬ በባንክና በሰዓት የምናውቀው ሀብታም አገር አልነበረም። ከየሸለቆው ሥራ ያጣው ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ውጭ የሚሰደድበት ዘመን ነበር። ጦሩ ለወታደሮቹ ሴንጢ ለማደል ሲወስን (ስለት፣ መብሻ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና የአዲሱን ጠመንጃ ብሎን የምትፈታ ጠፍጣፋ መፍቻ ያላት) በአገር ውስጥ ይህን ያህል ብዛት የሚያቀርብ ስላልነበረ ትእዛዙ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሶሊንገን ከተማ ሄደ። ኤልስነርን ይህ ቆጨው። የአገሩን ቢላዋ ሠሪዎች አሰባስቦ ማኅበር አቋቋመና በ1891 ለጦሩ ማስረከብ ጀመረ። የሶሊንገን ፋብሪካዎች ግን በርካሽ ይሠሩ ነበርና ባልደረቦቹ ጥለውት ወጡ። እሱም ወደ ኪሳራ አፋፍ ደረሰ። ያወጣችው ጁን 12 ቀን 1897 ያስመዘገባት፣ ቀለል ያለችው የመኮንኖች ሴንጢ ናት። ዛሬ በመላው ዓለም የሚኮረጁት የእሷ ዘሮች ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያቺ ሴንጢ የተወለደችው «የራሳችን ባለሙያ እያለ ለምን ከውጭ እንገዛለን?» ከሚል ቁጭት ነው።

1897 ለእኛም ባዶ ዓመት አልነበረም። አድዋ ካለፈ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዚያው ዓመት የአፄ ምኒልክ መንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ። ዓመቱ ሳያልቅም፣ በእኛ አቆጣጠር በ1890፣ በራስ መኰንን የሚመራ ጦር ወደ ቤኒሻንጉል ዘመተ። ሠራዊቱን ወደዚህ ቆላ ያመጣው ወርቅና ድንበር ነው። እንግሊዝ በሱዳን በኩል እየገፋች ነበርና አፄ ምኒልክ ቀድመው መገኘት ፈለጉ። ወርቁስ ቢሆን አዲስ ወሬ አልነበረም። የግብፁ መሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኤል ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1821 እና 22 ጦሩን ይዞ ወደ ፋዙግሊ ሲወጣ፣ አብሮት የተጓዘው ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ የበርታን ምድር አይቶ ጽፏል። ያን ጦር ወደዚህ የጎተተው ወርቅና ባሪያ ነበር።

በምኒልክ ዘመቻ ጊዜ አካባቢውን ተከፋፍለው ይገዙ የነበሩት ሼኮች ተሸነፉ። ከእነሱም መካከል የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ታስረው ቆይተው ከተለቀቁ በኋላ፣ በወርቅ ግብር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተስማምተው የአካባቢው ዋና ሰው ሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። በየቀኑ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት የአንድ የአሶሳ ሼህ ስም እየጠራ መሆኑን ስንቱ ያውቅ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ድንበሩ ተሰመረ፤ አሶሳ ወዲህ፣ ፋዙግሊ ወዲያ ቀረ።

የዚያን ዘመን ንግድ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው ከአሶሳ የወጣው ወርቅ ነው። ከወርቁ ጋር ደግሞ፣ አፍ ሞልቶ ለመናገር ቢከብድም፣ ሰው ወጥቷል። የሼህ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና በባሪያ ንግድ ምክንያት በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሱዳን ውስጥ በእንግሊዞች ተይዘዋል። በኢትዮጵያ ባርነትን ጠቅልሎ የሻረው ሕግ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። በምላሹ ወደ አሶሳ የገባው ጨርቅ፣ ጨው፣ ዶቃ፣ በኋላም የፋብሪካ ዕቃ ነበር። ዛሬም ቢሆን ወርቁ ይወጣል፤ እኔ በእጄ የያዝኳት ሴንጢ ትገባለች።

ነጋዴው ዓለም እንዲህ ያለውን ገበያ ጠንቅቆ ያውቃል። የሶሊንገን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1902 «ኦካፒ» የምትባል ርካሽ ሴንጢ መሥራት የጀመሩት ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ገበያ ብለው ነው። ኦካፒ ኮንጎ ጫካ ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው፤ ሳይንስ ያወቀው ገና በ1901 ነበር። በዓመቱ ስሙ ቢላዋ ላይ ተቀረጸ! ፈረንሳዮችም በ1929 «ዱክ ዱክ» የምትባለውን አውጥተው በሰሜን አፍሪካ ቸበቸቡ። ርካሽ፣ ቀጭን፣ ለኪስ የምትመች። ሰዉም ወደዳት። አይፈረድበትም፤ ድሃ ገበሬ በአቅሙ የሚገዛት መሣሪያ ናትና።

ታዲያ የእኛ ቀጥቃጭ የት ሄዶ ነው?

የእኛ ቀጥቃጭማ ነበረ፤ አለም። ችግሩ ስሙ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን እየሠራ የሚያኖረንን ሰው «ጠይብ» ስንል፣ «ቡዳ» ስንል፣ ከማዕዳችን ስናርቀው ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ቢብስባቸው ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ጡረታ አልወጣም። ኤልስነር የታገለው ከሶሊንገን ርካሽ ዋጋ ጋር ነበር። የእኛ ሰው ግን ከርካሽ ዋጋውም፣ ከጎረቤቱ ምላስም ጋር ይታገላል።

ወደ ሴንጢዋ ልመለስ። ዕቃ ሲገዛ የሚታየው አርማ ሳይሆን ሥራ ነውና አንድ በአንድ ፈተንኳት። ከፍቼ ስለቷን ግራና ቀኝ ነቅነቅ ሳደርጋት ማጠፊያዋ ላይ እንደ ልጅ ጥርስ ተነቃነቀች። ተከፍታ የምትቆለፍበት ነገር የላትም። ስለቱ ላይ ጫን ሲሉ ወደ ጣት የምትዘጋው እንዲህ ያለችው ናት። ኦፒኔል የተባለችውን ታዋቂዋን የፈረንሳይ ሴንጢ የሚሠሩት ሰዎች አንገቷ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1955 የጨመሩት ጣት እንዳትቆርጥ ነው። ሽማግሌው «መቼ እንደምትታጠፍ አይታወቅም» ያሉት ለካ ምሳሌ አልነበረም፤ የባለሙያ ምክር ነበር። «አይዝግም» የሚለው ጽሑፍም ብዙ አያስደስት። የማይዝግ ብረት ሁሉ ስለት አይዝም። ርካሹ ለስላሳ ስለሆነ ሁለት ማንጎ ልጦ ሦስተኛው ላይ መፋቅ ይጀምራል።

አሶሳ ላይ ደግሞ ቢላዋ የሚፈተነው በማንጎ ብቻ አይደለም። በሽመልም ነው። የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል የምንለው፣ እንደ ደጋው ቀርከሃ ሆዱ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ አልጋው፣ ቅርጫቱ ከእሱ ነው። ቀርከሃ ደግሞ በውስጡ አሸዋን የመሰለ ጠንካራ ነገር ስላለው ስለት ያዶለዱማል። ሽመል ሊሰነጥቅ ሴንጢ ላይ በእንጨት የሚመታ ሰው፣ የሚሰነጥቀው ሴንጢዋን ነው።

የሽማግሌውን ቢላዋ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። እጀታዋን ወደ እኔ አዙረው ሰጡኝ። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራች ናት። ባሌስትራ ለቢላዋ የሚበቃ ካርቦን፣ 0.6 በመቶ ገደማ፣ ያለው ብረት ነው። ቀጥቃጩ ይቆርጠዋል፣ በወናፍ እሳት ያግለዋል፣ መስፍ ላይ በመዶሻ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ቀልቶ ሳለ ይነክረዋል። ያኔ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፤ እንደ ብርጭቆም ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና ለዘብ ባለ እሳት ይሞቃል። በስንት ሙቀት? የባለሙያው ዓይን ያውቃል፤ የብረቱ ፊት እንደ ገለባ ቢጫ ሲል በቃ ይለዋል። ቴርሞሜትር የለም፤ ልምድ አለ። ይህን የሚያደርገውን ሰው ነው እንግዲህ ቡዳ የምንለው።

«አባቴ በክንዱ ላይ ነበር የሚያስራት» አሉኝ ሽማግሌው። ሱዳኖችም ከክርን በላይ፣ ግራ ክንድ ላይ፣ በቆዳ አፎት የሚያስሯት ቢላዋ አለቻቸው። በግልጽ ትታያለች። ሰላምታ የሚሰጣችሁ ሰው ቢላዋ እንዳለው ታውቃላችሁ፤ እሱም እንደምታውቁ ያውቃል። የኪስ ሴንጢ ግን የተደበቀች ናት።

ይህን ሲነግሩኝ ዝም አልኩ። ምክንያቱም አሶሳ በሰኔ 2010 የሆነውን አትረሳም። አብሮ የኖረ ሰው በብሔር ተለይቶ ተጋጨ፤ ሰውም ሞተ። መተከል ዞን ቡለን ወረዳ ውስጥ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ከመቶ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ክልል የሰው እጅ ወደ ኪሱ ሲገባ ዓይን ይከተለዋል። ማንጎ ሊልጥ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል? «ስለት ድጉሱን፣ ክፋት ራሱን» ይባላል። ስለት የሚያውቀው የያዘውን እጅ ብቻ ነው። እጁን የሚያውቀው ደግሞ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት መተዋወቅ ሲያቆም የማንጎ ቢላዋም ጩቤ ትሆናለች።

በጉባ የአባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ክልሉ ለአገር መብራት የሚያመነጭ ሆኗል። በኩርሙክ በኩልም የውጭ ኩባንያ ገንዘብ የፈሰሰበት የወርቅ ፕሮጀክት አለ። ወርቁም ወጣ፣ መብራቱም ወጣ፤ ቢያንስ ቢላዋው እንኳ እዚሁ ቢሠራ ምን ይለዋል? ወናፉን የሚነፋ ልጅ እኮ አለ፤ አሮጌ ባሌስትራም በየጋራዡ ወድቋል። የጎደለው አክብሮና ከፍሎ የሚገዛ ሰው ነው።

ሴንጢዋን ለልጁ መለስኩለት። ቅር እንዳይለው ሻሽ ገዛሁት።

እናንተስ ልትገዟት ብታስቡ? ለክር፣ ለእርሳስ፣ ለደብዳቤ መክፈቻ ከሆነ ግዟት፤ ለሁለት ምሳ ያን ያህል ታገለግላለች። ማጠፊያዋ የማይነቃነቅ፣ ተከፍታ የምትቆለፍ ካገኛችሁ ጨምራችሁም ቢሆን ያቺን ውሰዱ። ለሽመልና ለዕለት ሥራ ግን ከቀጥቃጩ ዘንድ ሂዱ። ያቺ ትዝጋለች፤ በየቀኑ መጥረግ፣ አልፎ አልፎም ዘይት መቀባት ትፈልጋለች። ቢሆንም ስትዶለዱም ትሞረዳለች፤ ስትሰበርም የሠራት ሰው የት እንዳለ ይታወቃል።

እኔ የገዛኋት ቢላዋ በጋዜጣ ተጠቅልላ በዘንቢል ማንጎ ላይ ተቀምጣ ወደ አዲስ አበባ ተጓዘች። መንገድ ላይ ኬላ ደረስንና ፈታሹ ጋዜጣውን ገለጥ አደረገ። ቢላዋዋን አየ፤ ቀጥሎ እኔን ብዙ አየኝ።

«ይቺ ለምንድን ናት?»

«ለማንጎ ናት ወንድሜ» አልኩና አንዱን ማንጎ አነሳሁ። ቢላዋዋን ግን አልነካሁም። እሱ ራሱ አነሳት፤ ስለቷን በአውራ ጣቱ ሞከረና «የት ነው ያሠራሃት?» አለኝ።