ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። 

ልጆቻችን በሒሳብ ደብተራቸው ላይ «ሰንጠረዥ» ሲያሰምሩ ቃሉ ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል? ዐረቦች «ሸጥረንጅ» ከሚሉት የቼዝ ጨዋታ የመጣ ነው። ሀገራችን በቀድሞ ዘመን የራሷ ቼዝ ነበራት፤ ስሙም ሰንጠረዥ ይባል ነበር። የጠጠሮቹም ስም የመጡበትን መንገድ ይመሰክራል፦ ፈርዝ ከዐረብኛው ፊርዛን፣ መደቅ ከበይደቅ የመጡ ሲሆኑ፣ ፊል ደግሞ በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው።

የሀገራችንን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው አጀማመሩ ነው። በሌላው ሀገር አንዱ ሲጫወት ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በኛ ሀገር ግን ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ ተራ ሳይጠብቁ፣ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በየተራ ነው።

በጥንቱ ሸጥረንጅ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ወታደሩም አንድ አንድ ቤት ነው። ሁለቱ ጦሮች እስኪገናኙ ድረስ ብዙ ጊዜ ያልፋል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አቡበክር አስ-ሱሊ ስለ ጨዋታው ኪታብ ጽፏል፤ የዚያ ዘመን ሰዎች ለመክፈቻው «ተዕቢያ» የሚሏቸው የጦር አሰላለፎች ነበሯቸው። የኛ ሀገር ሰዎች ያንን ረጅም ጊዜ በወረራ አሳጠሩት።

ወረራ ግን ዝም ብሎ መሮጥ አልነበረም። ጥሩ ተጫዋች እጁ ቢፈጥንም ዓይኑ ከባላጋራው ሰልፍ አይነቀልም፤ ያ ሲለውጥ እርሱም ይለውጣል። ሳያይ የቸኮለ ሰው መብላት ሲጀመር ሰልፉን ክፍት ሆኖ ያገኘዋል።

ወንድሞችና እህቶች! ታሪኩን ያነሳነው ጨዋታውን ለማስፋፋት አይደለም። ብዙ ዑለማዎች ሸጥረንጅን ከልክለዋል። በኛ አካባቢ በሚበዛው የሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ኢማም ነወዊይ መክሩህ መሆኑን ገልጸዋል፤ ቁማር ከገባበት ወይም ሶላት ካሳለፈ ግን ሐራም ነው። ታዲያ በመጋላም ሆነ በከዚራ፣ የከሰዓት በርጫ ላይ በካርታና በዶሚኖ ተጠምደን የአስር አዛን የሚያልፈን ስንቶች ነን? የጥንቶቹ ተጫዋቾች እንኳ ጊዜ እንዳይባክን መላ ፈጥረው ነበር።

ሰንጠረዥ ዛሬ የሚጫወተው እምብዛም አይገኝም። ታሪኩንና ሕጉን ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፈው ባያቆዩልን ኖሮ ብዙው ይጠፋብን ነበር። እኛም አባቶቻችንና እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን እንጠይቃቸው፤ እንጻፈውም።

አላህ (ሱ.ወ) በጊዜያችን በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።