የቫይታሚን እጥረት በሕዋስ ሽፋንና በኢንዛይሞች ላይ፦ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ዙሪያ የእንስሳት አኗኗር አንጻር

መግቢያ

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ የጉራጌ መንደሮች ከብቱ በጀፎረው፣ ማለትም በመንደሩ ሰፊ የጋራ ሣራማ ጎዳና ላይ፣ ሣር ይግጣል፣ ሲመሽም ቤት ይገባል። ፍጉ የእንሰቱን ማሳ ያዳብራል፤ የእንሰቱ ቅጠል በፈንታው መኖ ይሆናል። በጋው ሲገፋ ግን የጀፎረው ሣር ይደርቃል፤ ድርቆሽና ገለባ ይተኩታል። የዚህ መጣጥፍ ጭብጥ፣ ሆዱ የሞላ እንስሳም ሕዋሱ ሊራብ እንደሚችልና ጉዳቱ የሚጀምረው የበሽታ ምልክት ከመታየቱ በፊት መሆኑን ማሳየት ነው።

የሕዋስ ሽፋን

የሕዋስ ሽፋን በዋናነት ከስብና ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ከስቡ መካከል አንዳንዱ በኦክስጅን በቀላሉ ይጠቃል፤ የተጠቃው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ይበክላል። በ1922 እ.ኤ.አ. ኢቫንስና ቢሾፕ የአይጦችን መራባት ሲያጠኑ የደረሱበት ቫይታሚን ኢ፣ እዚያው ሽፋን ውስጥ ሆኖ ይህን ሰንሰለት ይበጥሳል። እርጥብ ቅጠል በቫይታሚኑ የበለጸገ ነው፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ግን አብዛኛውን ያጣል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በጥጃ ላይ ነው። ቫይታሚን ኢ ከላሟ ወደ ጽንሱ እምብዛም ስለማያልፍ ጥጃው ድርሻውን የሚያገኘው ከእንገር ነው። ላሟ በበጋ ደረቅ መኖ ብቻ ስትበላ ከርማ ከወለደች እንገሯም ይደኸያል። የጥጃው የጡንቻ ሽፋን ሲጎዳ ክሪያቲን ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከሕዋሱ አምልጦ ደም ውስጥ ይገኛል። ጥጃው እግሩ ይገተራል፣ መቆም ይሳነዋል፤ የልቡ ጡንቻ ከተነካ ድንገት ይሞታል። ደረቅ መኖ የቫይታሚን ኤ ምንጭ የሆነውን ካሮቲንም ስለሚያሳጣ፣ ጉበት ውስጥ የተጠራቀመው ሲያልቅ ዳፍንት ይከተላል።

ኢንዛይሞች

ቫይታሚን ኢ ብቻውን አይሠራም። ሴሊኒየም የተባለው ማዕድን ያለበት ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተሰኘ ኢንዛይም፣ ግሉታታዮን በተባለ ሞለኪውል እየታገዘ ሽፋኑን የሚያጠቁትን ውህዶች ያከሽፋል፤ ሴሊኒየም የዚህ ኢንዛይም አካል መሆኑ የታወቀው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራ ላይ የዋለውን ግሉታታዮን መልሶ የሚያድሰው ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ቫይታሚን ቢ 2ን ይሻል። ስለዚህ የቢ 2 እጥረት ዞሮ ዞሮ ሽፋኑን ያጋልጣል።

ከብት የቢ ቫይታሚኖችን ባብዛኛው የሚያገኘው በጨጓራው ካሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ዶሮ ይህ ጸጋ የላትም፤ ቢ 2 ያነሰው ጫጩት የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ። የቢ 1 እጥረት ደግሞ በደም ይለካል፦ በቀይ የደም ሕዋስ ያለው ትራንስኬቶሌዝ ከቢ 1 የሚገኘው ረዳት ሞለኪውል ሲጨመርለት ሥራው በጉልህ ካየለ፣ ኢንዛይሙ ቫይታሚን ተርቦ ነበር ማለት ነው።

መደምደሚያ

እንሰት በበጋም ለምለም ስለሆነ፣ ቅጠሉን ከድርቆሹ ጋር በተለይ ለእርጉዝ ላም መስጠት አቅም ያለው ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ጥንቃቄ ነው። ጥጃም እንደተወለደ እንገሩን ሊነፈግ አይገባም። በከተማ ጓሮ ዶሮ የሚያረቡም እህል ብቻ ከመበተን ይልቅ የተመጣጠነ መኖ ያቅርቡ። የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ መቆም ያቃተውን ጥጃ ሲመረምሩ፣ ከተላላፊ በሽታው ጎን ለጎን የእናቱን የበጋ መኖ ሊጠይቁ ይገባል።