ነሐሱ ይችለው ነበርን?

የጣቁሳ ስም በታሪክ መጻሕፍት ጎልቶ የሚነሣው በሚያዝያ 1845 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ነው። የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ፣ የራስ ዓሊን ጦር ድል ያደረጉት ዛሬ የወረዳው ከተማ ደልጊ በምትገኝበት በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ነበር። ይሁንና ይህ ድል ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1840 ዓ.ም.፣ ደባርቂ ላይ የቀመሱትን ሽንፈት አላስረሳቸውም። ያን ጊዜ የገጠሙት የግብጽ ሠራዊት መድፍ ነበረው። መድፍ በአገራቸው የማሠራት ጉጉታቸው ከዚያ ቀን ይጀምራል ቢባል ስሕተት አይመስለኝም።

ጉጉቱ ፍሬ ያፈራው ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። እዚያ የተሰበሰቡት እነቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከስዊስ አገር ከቅዱስ ክሪስቾና የመጡ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው ነሐስ አቅላጭ ሆኑ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ ሴባስቶፖል የተባለው አፈ ሰፊ መድፍ ነው።

ስለ ሴባስቶፖል ሲጻፍ ብዕር ሁሉ የሚሮጠው ወደ ጉተታው ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ወራት ወደፈጀው፣ ገደል እየተናደ መንገድ ወደተጠረገበት ጉዞ። ይገባዋልም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ነሐስ ባሩዱን ይችለው ነበርን?

ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ተቀጥቅጦ እንደተሠራው አይደለም። የመድፍ ነሐስ ወደ ዘጠኝ እጅ መዳብና አንድ እጅ ቆርቆሮ ነው። ሲቀልጥ ከአየርና ከእርጥበት ጋዝ ይጠጣል፤ ሲረጋ ጋዙ መውጫ ያጣና በሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ሲበርድ ደግሞ ይኮማተራል፤ ውጭው ቀድሞ ጠንክሮ መሐሉ ስለሚዘገይ፣ ተጨማሪ ቅልጥ ካልደረሰለት እዚያው ይቦረቦራል። መድፉ በወፈረ ቁጥር ይህ ችግር ይብሳል። ቀስ ብሎ የሚጫን ክብደት እንዲህ ያለውን ጉድለት ሊያልፈው ይችላል። ባሩድ ግን ግፊቱን ሙሉ በሙሉ የሚያሳርፈው በጥቂት ሺኛ ሴኮንዶች ውስጥ ነው። ኃይሉ በየቀዳዳው ዳርና ቆርቆሮ በበዛባቸው ተሰባሪ ቦታዎች ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቅ አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ሙቀቱም አለ። ተደጋግሞ የተተኮሰበት የነሐስ መድፍ ውስጡ ይለሰልሳል፤ ቆርቆሮ የበዛበት ቦታ ቀድሞ እየቀለጠ ይበላል።

ነገሩ ያረጀ እንዳይመስለን። አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት በ1847 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተከፈተው ኤግዚቢሽን እንደ ብርቅ የታየው አሉሚኒየም፣ ዛሬ ከሲሊከን ጋር ተቀላቅሎ ፈስሶ የብዙ ሞተሮች ፒስተን ሆኗል። ንጹሑ የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ቅይጡ ግን ገና 200 ሲያልፍ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሳይግል ሲመታ የምቱ ፍጥነት ጥንካሬውን ብዙም አይለውጠውም፤ ሲግል ግን ፍጥነቱ ለውጥ ያመጣል። ስንጥቁም የሚነሣው ያው ከቀዳዳዎቹና ከተሰባሪዎቹ የሲሊከን ቅንጣቶች ነው። የዛሬ መሐንዲስ ታዲያ የፈሰሰውን ዕቃ ሆድ በኤክስሬይ ያያል፤ ናሙናውን አግሎ፣ በፍጥነት መትቶ ይፈትናል። ጋፋት ውስጥ የነበረው ፈተና መተኮስ ብቻ ነበር።

ያ ፈተና ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በጠላት ፊት መጣ። የጄኔራል ናፒየር ጦር እሮጌ ሜዳ ሲደርስ ከፋላ ተራራ ላይ መድፎቹ ተተኮሱ። ጥይቱ ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፈ፤ ከትልልቆቹ መድፎችም አንዱ ከልክ ያለፈ ባሩድ ጎርሶ ኖሮ ፈነዳ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም አካሉ ሳይጎድል መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ሙሉ ሆኖ መገኘቱን ለጥንካሬው ምስክር አድርጌ ለመቀበል እቸገራለሁ፤ ሙሉ ባሩድ ጎርሶ ደጋግሞ የተተኮሰ መድፍ ቢሆን ኖሮ ምስክርነቱ በተቆጠረለት።

ሦስት ቀን ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት አውሮፓውያንም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። የፈነዳውን መድፍ ስባሪ አንሥተው ቀዳዳው የት እንደነበር፣ ቅይጡስ ምን እንደጎደለው ሊመረምሩ ይችሉ የነበሩት አቅላጮች ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ ይዘው ነበር።