የዶክተር ክሪፕን ሽሽትና የጋዜጣ አንባቢዎች ፍርድ

እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1910 ዓመት በጁላይ ወር፥ በእኛም አቈጣጠር በ1902 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ፥ ሁለት መርከቦች የአትላንቲክን ውቅያኖስ ወደ ካናዳ ያቋርጡ ነበር። ፊተኛዪቱ ሞንትሮዝ ትባላለች፤ የተነሣችውም ከቤልጅግ ወደብ ከአንትዌርፕ ነው። ኋለኛዪቱ ሎረንቲክ ትባላለች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከእንግሊዝ ወደብ ከሊቨርፑል ተነሥታ፥ በፍጥነቷ ግን ትበልጣት ነበርና፥ ከቀን ወደ ቀን ትቀርባት ጀመር። የሎንዶን ጋዜጣ አንባቢ በየማለዳው የሁለቱን መርከቦች ስፍራ በካርታ ላይ ተስሎ እያየ፥ ዛሬ ይህን ያህል ቀረ፥ ነገ ይህን ያህል ይቀራል ይል ነበር። በፊተኛዪቱ መርከብ ላይ ሚስተር ሮቢንሰንና ወንድ ልጁ ተብለው የተመዘገቡ ሁለት መንገደኞች ነበሩ። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጨነቅበትን ነገር ሳያውቁ በመርከቢቱ ሰገነት ላይ ነፋስ ይቀበሉ የነበሩት እነርሱ ብቻ ናቸው። (ከዚህ በኋላ የሚጠራው ወርና ዓመት ሁሉ ነገሩ በተፈጸመበት አገር አቈጣጠር ነው።)

ሮቢንሰን የተባለው ሰው እውነተኛ ስሙ ሃውሊ ሃርቪ ክሪፕን ነው። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ኮልድዎተር በምትባል ከተማ በ1862 ተወለደ፤ ሆሚዮፓቲ የሚባለውንም የሕክምና ዓይነት ተምሮ ዶክተር ተባለ። ወደ ሎንዶን የመጣው በ1897 ለአንድ የአሜሪካ መድኃኒት ነጋዴ ወኪል ሆኖ ነው። ቁመቱ ዐጭር፥ ንግግሩ ለስላሳ፥ ዐይኑ መነጽር የሚለብስ፥ ለጎረቤት የማያስቸግር ሰው ነበረ። ሚስቱ ኮራ በተድላ ቤቶች የምትዘፍን ነበረችና ለመድረክ ያወጣችው ስም ቤል ኤልሞር ይባል ነበር። ዘፈኗ እጅግም አልተወደደላትም፤ ነገር ግን በባልንጀሮቿ ዘንድ ተወዳጅ ስለ ነበረች የሴቶች ዘፋኞች ማኅበር ገንዘብ ያዥ አድርጎ ሾሟት ነበር። ባልና ሚስቱ ከ1905 ጀምሮ በሰሜን ሎንዶን በሂልድሮፕ ክረሰንት በ39 ቍጥር ቤት ይኖሩ ነበር። ክሪፕን በሥራ ቤቱ ኤቴል ለኒቭ የምትባል ወጣት ጸሓፊ ነበረችውና ከእርስዋ ጋር በፍቅር ተያዘ።

በ1910 በጃንዋሪ 31 ቀን ማታ ባልና ሚስቱ ሁለት እንግዶች ጠርተው ራት አበሉ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ኮራን ያየ ሰው አልተገኘም። ባሏ በመጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሄደች አለ፤ ቀጥሎ ታማለች አለ፤ ከዚያም በካሊፎርኒያ ሞታ ሬሳዋ ተቃጠለ ብሎ ወሬ አስነገረ። ነገር ግን ወሩ ሳይሞላ በፌብሯሪ 20 ቀን ማኅበሩ ባደረገው የጭፈራ በዓል ላይ ለኒቭን ይዞ ብቅ አለ፤ በደረቷም ላይ የኮራ የጌጥ መርፌ ይታይ ነበር። ክሪፕን ከሠራው ስሕተት ሁሉ ይህ ሳይብስ አይቀርም። ወንዶች ባያስተውሉት የማኅበሩ ሴቶች አስተዋሉት፤ ጌጡን ያውቁት ነበርና።

እነዚህ ሴቶች ያደረጉት ነገር ሊታለፍ የማይገባው ነው። በሐሜት ብቻ አልቀሩም፤ በየት ሞተች? በየትኛው መርከብ ሄደች? ማን ቀበራት? እያሉ ጠየቁ፤ ክሪፕንንም ፊት ለፊት ጠየቁት፤ መልሱም ከቀን ወደ ቀን የማይገጥም ሆነ። የማታ ማታ በጁን 30 ቀን ከወዳጆቿ አንዲቱ ከባሏ ጋር ወደ ስኮትላንድ ያርድ ወደ ፖሊስ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደው ነገሩን ለዎልተር ዲው አስታወቁ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት እንደሚባለው፥ እነርሱ መላ ጨምረውበት ነው ወደ ዳኛ ደጅ ያደረሱት።

ዲው የታወቀ የፖሊስ ሹም ነበረ፤ በወጣትነቱ በ1888 በሎንዶን ምሥራቅ ሴቶችን የገደለውንና እስከ ዛሬ ስሙ ያልታወቀውን ነፍሰ ገዳይ ከፈለጉት አንዱ ነው። በጁላይ 8 ቀን ክሪፕንን ጠየቀው። ክሪፕንም ሞተች ያልሁት ሐሰት ነው፤ እውነቱ ግን ከሌላ ወንድ ጋር ጥላኝ ኰብልላለች፥ አፍሬ ነው የደበቅሁት አለ። ቤቱን አሳየው፤ ዲውም ምድር ቤቱን ሳይቀር ተመልክቶ ምንም ሳያገኝ ተመለሰ። ብዙ ጸሓፊዎች እንዳሉት፥ ክሪፕን በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ በዚያው ሊቀር ይችል ነበር። እርሱ ግን በማግሥቱ ለኒቭን የወንድ ልብስ አልብሶ፥ ጠጕሯን ቈርጦ፥ ራሱም ሪዙን ተላጭቶ ወደ ቤልጅግ አገር ሸሸ። ዲው በጁላይ 11 ቀን አንድ ነገር ሊጠይቅ ቢመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ቈየው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ተፈተሸ፤ በ13 ቀን ከምድር ቤቱ ጡብ ሥር የሰው ሥጋ ተቀብሮ ተገኘ። ራስ የለውም፤ እጅና እግር የለውም፤ አጥንትም የለውም።

ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ነገሩ የፖሊስ ብቻ መሆኑ ቀረ። የሁለቱ ሰዎች ሥዕልና መልክ በማስታወቂያ ታትሞ ወደየአገሩ ተላከ፤ ለጠቋሚው 250 ፓውንድ እንዲሰጥ ተነገረ። በባቡርም በቡና ቤትም የሚወራው ሌላ ነገር አልነበረም። ከዚህም ከዚያም አየነው የሚል ወሬ በየቀኑ ይመጣ ጀመር፤ መነጽር የሚለብስ ዐጭር ሰው ሁሉ ክሪፕን መሰለ። ከዚህ ሁሉ ወሬ የሚበዛው ከንቱ እንደ ነበረ የታወቀው ግን ሰውዬው በባሕር ላይ መሆኑ ከተሰማ በኋላ ነው።

የሞንትሮዝ ካፒቴን ሄንሪ ኬንዳል ጋዜጣ አንባቢ ሰው ነበረ። መርከቢቱ በጁላይ 20 ቀን እንደ ተነሣች፥ አባትና ልጅ የተባሉት ሁለት መንገደኞች እንደ አባትና ልጅ ሳይሆን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲቆሙ አየ። የልጁ ሱሪ ከኋላ ጠቦት ተቀዶ በመርፌ ቍልፍ ተይዟል። በአባትዮው አፍንጫ ላይ መነጽር ያሳረፈው ምልክት ይታያል፤ መነጽር ግን አይለብስም። ካፒቴኑ ምንም ያወቀ ሳይመስል ከማዕዱ አስቀመጣቸው፤ የሚያሥቅ ነገር እያወራም ያጫውታቸው ነበር። በመርከቢቱ ያሉትን ጋዜጦች ከመንገደኛ ዐይን ደበቀ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ካፒቴኑ ስለ ክሪፕን ያወራው ነው፤ ክሪፕን በሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ኤድጋር ዋላስ የጻፈውን የነፍሰ ገዳዮች ልብ ወለድ ታሪክ ያነብ ነበር፤ የሽቦ አልባውን ቴሌግራፍ ምሰሶ ቀና ብሎ እያየም ይህ እንዴት ያለ ድንቅ ፍጥረት ነው ብሎ አደነቀ ይባላል። ካፒቴን ኬንዳል ታሪክ ማሳመር የሚወድ ሰው ነበረና ይህን የመጨረሻውን አንባቢ በጥንቃቄ ይቀበለው።

በጁላይ 22 ቀን ካፒቴኑ በዚያው በማርኮኒ መሣሪያ ሁለቱ ሰዎች በመርከቤ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ላከ። ዲው በማግሥቱ ከሊቨርፑል በሎረንቲክ ተሳፈረ። የሚሸሽ ሰው በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ በፊት በውቅያኖስ መካከል ያለ መርከብ እንደ ሌላ ዓለም ይቈጠር ነበር። ሎረንቲክ ቀድማ ደረሰች፤ ዲውም በጁላይ 31 ቀን በቅዱስ ሎረንስ ወንዝ አፍ፥ ፋዘር ፖይንት በሚባለው ስፍራ፥ የመርከብ መሪ ልብስ ለብሶ ወደ ሞንትሮዝ ወጣና ዶክተር ክሪፕን ሆይ እንደ ምን አደርህ ብሎ ያዘው።

ነገሩ በዚህ ቢቈም ኖሮ የጋዜጣ አንባቢዎች ምስጋና ብቻ በተገባቸው ነበር። ግን ክሪፕን ገና በካናዳ እስር ቤት ሳለ፥ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፥ ምስክርም ሳይሰማበት፥ ጋዜጦች ሚስቴን ገድያለሁ ብሎ አመነ ብለው አተሙ። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነበር። ክሪፕን ከተያዘበት ቀን እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አልገደልሁም ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። የሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነገሩን አይቶ የአንዱን ታላቅ ጋዜጣ ኀላፊ በገንዘብ ቀጣ፤ ሰው በዳኛ ትእዛዝ ከተያዘ በኋላ፥ በእንግሊዝ አገር ክሱ ገና ባይሰማም እንኳ፥ የነገዎቹን ፈራጆች ልብ አስቀድሞ ማጣመም ፍርድ ቤትን መድፈር ነው ተባለ። ዲውም ከጡረታው በኋላ በ1911 ስሙን ያጠፉትን ብዙ ጋዜጦች ከሶ ካሳ ተቀበለ። ገንዘቡ ለዲው ጠቀመው፤ የተሰቀለውን ሰው ግን የሚጠቅም አልነበረም። ያ ወሬ ከነበበ በኋላ በሎንዶን ልቡ ያልተወሰነ ዐሥራ ሁለት ሰው ማግኘት ቀላል እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

ክርክሩ በኦክቶበር 18 ቀን በኦልድ ቤይሊ በዋናው ዳኛ በሎርድ አልቨርስቶን ፊት ተጀመረ። በችሎት ለመቀመጥ የለመነው ሕዝብ ብዛት እንደ ትያትር ቤት ያለ ነበረ። ዐቃቤ ሕጉ ሪቻርድ ሙየር ነበረ። ክሪፕን በጃንዋሪ ወር፥ ሚስቱ ከመጥፋቷ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፥ ሃዮሲን የሚባለውን መርዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በመዝገቡ ላይ በገዛ እጁ ፈርሟል፤ ይኸው መርዝ በተቀበረው ሥጋ ውስጥ ተገኘ። ወጣቱ ሐኪም በርናርድ ስፒልስበሪ ከሥጋው በአንዱ ቍራጭ ቆዳ ላይ ያለው ምልክት የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ነው አለ፤ ኮራም እንዲህ ያለ ጠባሳ ነበራት። የተከሳሹ ሐኪሞች ጠባሳ አይደለም፥ የታጠፈ ቆዳ ነው አሉ። ከሥጋው ጋር የተገኘው የሌሊት ልብስ ቍራጭ ግን ከሐኪሞች ሁሉ ይልቅ ጠነከረ። ልብሱን የሸጠው ሱቅ ስም ከነኩባንያ ማዕርጉ ተጽፎበት ነበር፤ ሱቁ ያን ማዕርግ ያገኘው ደግሞ በ1906 ነው። ክሪፕን ቤቱን የያዘው በ1905 ስለ ሆነ፥ ሥጋው እኔ ሳልገባ የተቀበረ ይሆናል ያለው መከላከያ በአንዲት ጨርቅ ፈረሰ። ዐሥራ ሁለቱ ፈራጆች በ27 ደቂቃ ምክር ጨርሰው በደለኛ ነው አሉ። ለኒቭ በኦክቶበር 25 ቀን ለብቻዋ ቀርባ ነጻ ወጣች። ይግባኙ ተጣለ፤ የዚያን ጊዜው የአገር ግዛት ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልም ምሕረቱን አልተቀበለም። ክሪፕን በኖቬምበር 23 ቀን 1910 በፔንተንቪል እስር ቤት ተሰቀለ፤ የለኒቭ ሥዕልና ደብዳቤዎቿ አብረውት እንዲቀበሩ ለምኖ ነበር።

ሕዝቡም ነገሩን አልተወውም። መልኩ በሰም ተሠርቶ በማዳም ቱሶ ቤት ቆመ። ካፒቴን ኬንዳል በ1914 በሜይ 29 ቀን ኤምፕረስ ኦፍ አየርላንድ በምትባል መርከብ ላይ ሳለ፥ በዚያው በፋዘር ፖይንት አቅራቢያ መርከቢቱ ተጋጭታ ሰምጣ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ፤ እርሱ ግን ተረፈ። ክሪፕን ረግሞት ነው የሚል ወሬ ወዲያው ተፈጠረ። እንዲህ ያለ ወሬ የሚወድ ሰው በዚያ ቀን የሰመጡት ነፍሳት ምን አድርገው ነው ብሎ አይጠይቅም። በሂልድሮፕ ክረሰንት የነበረውን ቤት በ1940 የጀርመን ቦምብ አፈረሰው።

በ2007 ግን ነገሩ እንደ ገና ተነሣ። ስፒልስበሪ በመስተዋት ላይ አድርቆ ያስቀመጠው ያ የቆዳ ቍራጭ በሎንዶን ሆስፒታል ተጠብቆ ይኖር ነበር። በአሜሪካ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ዴቪድ ፎራን፥ ከእናት ወደ ልጆች የሚወርደውን ዲ.ኤን.ኤ. መርምሮ፥ ከኮራ የእናት ወገን ዘመዶች ጋር አይገጥምም አለ፤ ቀጥሎም ሥጋው የወንድ ነው አለ። ሌሎች ሊቃውንት ይህን አልተቀበሉም፤ መቶ ዓመት ያህል በብዙ እጅ የተነካ ነገር ሊበከል ይችላል፥ የዘመዶቹም የትውልድ ሐረግ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል አሉ። ደግሞስ ሥጋው የኮራ ካልሆነ፥ መርዙና ጨርቁ በዚያ ምድር ቤት ምን ያደርጋሉ? ኮራስ ስሟ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ሲጠራና ባሏ ሊሰቀል ሲል ስለ ምን ዝም አለች? የክሪፕን ዘመድ ነኝ ያለ ሰው ፍርዱ እንደ ገና እንዲታይ ለመነ፤ የወንጀል ፍርዶችን የሚመረምረው የእንግሊዝ ጉባኤ ግን በ2009 ለመጠየቅ የሚያበቃ ቅርብ ዝምድና የለውም ብሎ መለሰው። ስለዚህ የማስረጃው ክርክር በዳኛ ፊት ሳይሆን በመጻሕፍትና በጋዜጦች ላይ ቀረ።

ኤቴል ለኒቭ ከሽሽትዋ ይልቅ ነጻ ከወጣች በኋላ በተሻለ ተሰወረች። ስሟን ለውጣ፥ ባል አግብታ፥ ሁለት ልጆች ወልዳ በክሮይደን ተቀመጠች። በ1967 በ84 ዓመቷ ስትሞት፥ ልጆቿ እናታቸው በአንድ ወቅት የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ያሳደዳት ሴት መሆኗን አያውቁም ነበር።